አባቴ ተራውን ሲጠብቅ

አባቴ ሸማኔ ነው። ለእሱ ሥራ ማለት ሲመሽ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው፤ ነጠላ ይሁን ጋቢ። እኔ ደግሞ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ፀጉር ቤት አለኝ። ሰው “ልጅዎ ምን ይሠራል?” ብሎ ሲጠይቀው “እዚያ ጳውሎስ ይውላል” ብሎ ያልፈዋል። ጠላ ቤት የምውል ነው የሚያስመስለኝ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ሬዲዮኑ የአገልግሎት ዘርፍ ለኢኮኖሚው ያለውን ድርሻ ሲያወራ ደፈርኩ።

“ሰሙ አባባ? እኔን እኮ ነው የሚለው!”

“አንተ ሲመሽ የሚተርፍህ ወለል ላይ የወደቀ ፀጉር ነው። እሱንም ጠርገህ ትጥለዋለህ።”

“ታክሲውስ? ሆስፒታሉስ ምን ሠርቶ ያስረክባል?”

“ሆስፒታል ሰው ያስረክባል።”

“እኔም የማስረክበው ሰው ነው!”

እውነቴን ነበር። ከሆስፒታል የወጣ ሰው ቤቱ ሳይደርስ እኔ ጋ ጎራ ይላል። ተኝቶ ከርሞ ፂሙ ፊቱን ውጦታል፤ “ልጆቼ እንዳይደነግጡ” ይለኛል። አባቴ ግን ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ። እኔ በገንኩ፤ እናቴ ሳቀች።

መሳቅ ሲያንሳት ነው። አባቴ በዕድሜው ፀጉር ቤት ረግጦ አያውቅም። ከተጋቡ ጀምሮ በረንዳ ላይ አስቀምጣ በልብስ መቀሷ የምትከረክመው እሷ ናት። ያንንም ማንም ሥራ ብሎ ጠርቶት አያውቅም።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ትከሻዋን አመማትና እጇ አልነሳ አላት። የአባቴ ፀጉር ጆሮውን ሸፈነ። “እስቲ ትንሽ ብቻ” ብሎ ቢለማመጣት “እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ልጅህ ጋ ሂድ” አለችው።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነውና፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆሞ አየሁት። ቤቱ ሞልቷል። አግዳሚው ላይ የሚጠብቁት ብድግ ብለው “አባት፣ ይቅደሙ” አሉት።

“ተራ ተራ ነው” ብሎ ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። የጥለት ጠርዝ ሲመረምር እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየኛል። ስንት ዓመት የሠራሁበት ማሽን እጄ ላይ ከበደኝ፤ በቃ ጀማሪ ሆንኩ።

ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። እናቴ ናት። አባቴ ስልክ ሲያወራ ካልጮኸ የሚሰማ አይመስለውም።

“ገና ነኝ! ... ኧረ ምን ያስቸኩልሻል? ልጁ ሥራ ላይ ነው!”

በገዛ አፉ “ሥራ” አለው። ማሽኑን አጥፍቼ፣ ዓይኔ ውስጥ ፀጉር ገባ ብዬ ደንበኛዬን ዋሸሁት።