ፊቷን የተቀባችው አስተማሪ

የፋናዬ አንድ ተራ ቀን ስንት ይፈጅባታል? በብር አይደለም፤ በአልበም ነው። ኦስሎ መሃል፣ ቢየርቪካ የምታጸዳው መሥሪያ ቤት አራት ፎቅ አለው፤ አንዱ ፎቅ አንድ አልበም ይፈጃል። ጠዋት ከሰፈሯ ከሮመን በመጀመሪያው ባቡር ትሄዳለች፣ ቱታዋን ትለብሳለች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ትሰካለች። አንደኛ ፎቅ ላይ፣ በማዳመጫው ውስጥ፣ አራት ጃፓናውያን ዘፋኝ ጎረምሶች አሉ፤ ጸጉራቸውን በስፕሬይ አቁመው፣ ፊታቸውን ነጭ ዱቄት ተቀብተው፣ የእናታቸውን የመሰለ ቀሚስ አጥልቀው ሰው የሚስቅባቸው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስታዲየም ይሞላሉ። ሦስተኛው ላይ፣ የስብሰባ ጠረጴዛውን ስትወለውል፣ ጊታር መቺያቸው ሬንጂ ይሞታል። አራተኛው ላይ የቀሩት ሦስቱ ከስምንት ዓመት ዝምታ በኋላ ሽበታቸውን ይዘው፣ መድረኩ ላይ የሬንጂን ቦታ ክፍት ትተው ይመለሳሉ። ከዚያ ባልዲዋን ደፍታ፣ ጉልበቷን አሽታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሠላሳ ዓመት በአንድ ጠዋት ያልቃል።

የባንዱ ስም ሺሮዩሪ ነው። ባሏ ገነነ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስሙን ከሰማ ጀምሮ «ሺሮዎቹ» ነው የሚላቸው። «ሺሮዎቹ ዛሬስ እንዴት ዋሉ?» ይላታል ራት ላይ። ትስቃለች። ገነነ ቢቀልድ አይከፋትም፤ ያውቃታል። ደሟን የሚያፈላው ሳያውቅ የሚፈርድ ሰው ነው።

ባንዱን ያወቀችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ያኔ ብቻዋን መጥታ ሰሜን ኖርዌይ ባለ የስደተኞች መቀበያ ውስጥ ትኖር ነበር። በትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አጠገቧ የምትቀመጥ ኤማ የምትባል የአገሬው ልጅ ነበረች። በቋንቋ አይግባቡም። ኤማ አንዱን ማዳመጫ ለራሷ፣ ሌላውን ለፋናዬ ሰካች፤ በቃ፣ ጓደኝነታቸው በዚያው ተጀመረ። በኋላ ሲዲውን ሰጠቻት። በውስጡ ግጥሙ አለ፤ ሁሉም በጃፓንኛ ነው። ፋናዬ ቤተ መጻሕፍት ሄዳ የጃፓንኛ ፊደል ሠንጠረዥ ስታገኝ ብቻዋን ሳቀች። ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ! ይሄማ የፊደል ገበታ ነው! የነሱ በአምስት ይቆማል፣ የኛ ሰባት ድረስ ይሄዳል እንጂ አሰላለፉ ያው ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ሁሉንም ዘፈን፣ ትርጉሙ ሳይገባት፣ እያነበበች መዝፈን ቻለች። የኖርዌጅኛ አስተማሪዋ «ትምህርት ቶሎ አይገባትም» ብላ የጻፈችባት ያን ጊዜ ነው።

ሬንጂ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ኦስሎ ገብታ ጽዳት ጀምራለች። ዓይኗ አብጦ ሥራ ብትገባ አንዲት ያገር ልጅ ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። «ለጃፓን አዝማሪ? እኔኮ መርዶ የመጣብሽ መስሎኝ!» ብላ ምሳ ሰዓት ላይ ለሁሉም አወራች። ከዚያ ቀን ወዲህ ፋናዬ ከገነነ በቀር ስለ ሺሮዩሪ ለሐበሻ ተንፍሳ አታውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ትቬይታ ሰፈር ያለው የሐበሾች ማኅበር ለቅዳሜው የአማርኛ ክፍል አስተማሪ አጣ። የቀሩት ልጆች ስድስት ናቸው፤ እነሱም ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ። «እስቲ እኔ ልሞክር» አለች። ሺሮዩሪ በሰባት ምት የሚሄድ ዘፈን አላቸው። ግጥሙን ጣለችና ምቱን አስቀረች። ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ! እጅ እየተጨበጨበ፣ ወለል እየተመታ። ስድስቱ ልጆች ሃያ ሁለት ሆኑ። ኖርዌይ ተወልደው «ናይ፣ አይሆንም፣ አማርኛ አልፈልግም» ሲሉ የነበሩ ልጆች በአምስት ወር የሐበሻ ሱቅ ማስታወቂያ እያነበቡ እናቶቻቸውን አስቸገሩ። እናቶች በስልክ እየቀረጹ አገር ቤት ላኩ። ይሄ ምት ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሺሮዩሪ የሠላሳኛ ዓመታቸውን ጉዞ ይዘው ኦስሎ ገቡ። የነሱ ወዳጆች አዳራሽ ሲገቡ እንደ ሬንጂ ፊታቸውን ነጭ ይቀባሉ፤ ከግራ ዓይን እስከ አገጭ አንድ ጥቁር መስመር ያወርዳሉ። ሐዘን ነው፤ የሟቹን ቦታ ሰው አልረሳውም ለማለት ነው። ፋናዬና ኤማም፣ አርባ ዓመት የተጠጉ ሁለት ሴቶች፣ መጸዳጃ ቤት መስታወት ፊት እየተሳሳቁ ተቀባቡ። ፋናዬ ራሷን ፎቶ አነሳችና «ሺሮዎቹ ጋ ደርሻለሁ» ብላ ለገነነ ላከች። ለገነነ የላከች መሰላት እንጂ ፎቶው የሄደው ወላጆች ወዳሉበት ግሩፕ ነው።

በሁለት ደቂቃ አጠፋችው። ለሠናይት ግን ሁለት ደቂቃ በቂዋ ነበር። ሠናይት የጎበዟ ተማሪ የሜሉ እናት ናት፤ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ፣ ልጆች ትይዛለች። ፎቶውን አስቀርታ የኦስሎ ሐበሻ ሁሉ ባለበት ግሩፕ ላይ ለጠፈችው፤ «ልጆቻችንን የምታስተምረውን እዩልኝ! ሰይጣን የሚመለክበት ቤት!» ብላ ጻፈችበት።

ቅዳሜ ፋናዬ ሃያ ሁለት ወንበር ደረደረች። አራት ልጅ መጣ። አሥራ ስምንቱን ወንበር መልሳ አነባበረች፤ እየወረወረች ነው ያነባበረችው። ከሃያ ሁለት ቤት አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ደውሎ «ፋናዬ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው?» አላላትም። ቢሰድቧት በተሻለ፤ ስድብ ፊት ለፊት ነው፣ መልስ ይሰጡበታል። ዝም ብሎ ልጁን ለሚያስቀር ሰው ምን ተብሎ ይመለሳል?

እሑድ ከሰዓት የማኅበሩ ኮሚቴ ጠራት። ሰብሳቢው አቶ ወልደሚካኤል ወረቀትና እስክሪብቶ ፊቷ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ነገር አናክብድ። አጭር ይቅርታ ጻፊና ይለፍ።»

«ለማን ጋሼ? ለሬንጂ ነው?»

«ሬንጂ ደግሞ ማነው?»

«የሞተው። ያዘንኩለት።»

«ፊትን እንደ ሬሳ ቀብቶ ሐዘን አለ እንዴ?» አለች ከወላጆቹ ጋር ከጎን የተቀመጠችው ሠናይት።

«አንቺ እዚያው ባርነሃገሽ በካርኔቫል ቀን የሰው ልጅ ፊት ነብር አድርገሽ ትስይ የለም? ማን ጠንቋይ አለሽ?»

ከኋላ አንዱ በሳቅ ፈነዳ። አቶ ወልደሚካኤል ጠረጴዛውን መቱ።

«እሱ የልጅ ጨዋታ ነው!» አለች ሠናይት።

«ሜሉ ሀ ሁ እያለች ስታጨበጭብ የቀረጽሽውን ቪዲዮ ለእናትሽ ልከሻል?»

«ልኬያለሁ። ምን አገናኘው?»

«ምን አሉሽ?»

«... አለቀሱ። በደስታ።»

«ያ ምት የነሱ ነው። ሰይጣን ያልሻቸው ሰዎች ምት ነው። ልጅሽ አማርኛ ያነበበችው በሱ ነው። አሁን ሂጂና ይሄንንም ለጥፊው!»

የሠናይት ፊት ቀላ፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው አልነገርሽንም?» አለች።

ይሄኛው ጥያቄ ፋናዬን ያዛት። እውነት ነው፣ አልተናገረችም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አንዴ ተስቆባት፣ ሃያ ዓመት ሙሉ በማዳመጫ ተደብቃ ኖራለች። በራሷም ተናደደች።

«መናገር ነበረብኝ» አለች። «እናንተም መጠየቅ ነበረባችሁ። የኔን ጥፋት አሁን ተናገርኩ። የናንተን ማን ይጻፈው?»

አቶ ወልደሚካኤል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ልጄ፣ የገባሽ አልመሰለኝም። ኮሚቴው ወስኗል። ይቅርታ ከሌለ ክፍሉ የለም።»

ወረቀቱን ወደሳቸው መልሳ ገፋችው። የክፍሉን ቁልፍ ከላዩ አስቀመጠችና «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ ወጣች። ለገነነ ስትነግረው ለአንዴ እንኳ አልቀለደም፤ «ሰኞ የሰፈራችንን ቦረትስላግ እንጠይቃለን» ብቻ አላት።

ጠየቁ። ቦረትስላጉ፣ ማለትም የሕንፃዎቹ አስተዳደር፣ ሮመን ያለውን የጋራ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት፣ በኖርዌይ አቆጣጠር፣ ሰጣቸው፤ ወለሉን ራሷ እስካጸዳች ድረስ። ማጽዳቱን ለሷ ተዉላት! እስካሁን ሰባት ልጅ ተመዝግቧል። ሜሉ የለችበትም። ለዚች ልጅ ስትል ፋናዬ ንዴቷ እስከ ዛሬ አልበረደላትም፤ ግማሽ መጽሐፍ አንብባ የቀረች ልጅ ጥቂት ወር ሳይሞላ ያነበበችውን ሁሉ ትረሳዋለች።

እና ይህን የምታነቡ የኦስሎ ወላጆች፣ ፋናዬ የምትለምናችሁ ይህንን ነው፤ «ቅዳሜ ልጃችሁን ይዛችሁ ሮመን ኑ። የቤት ውስጥ ጫማ አምጡለት፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል። እናንተም አትመለሱ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አንድ ሰዓት ስሙኝ። ስለ ፎቶውም ሆነ ስለ ዘፈኑ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። ከዚያ በኋላ ልጄን አንቺ ጋ አላስተምርም የምትሉ ከሆነ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻ እባካችሁ፣ ለኔ ለራሴ ፊት ለፊት ንገሩኝ።»