የሽመልስ ሞደም

ባለፈው ፋሲካ ወንድሜ ሽመልስ ቤት ብሄድ ያንን ሞደም ቡፌው ላይ፣ ከጌጥ ሲኒዎቹ መሀል፣ እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ትዝታ ነው እኮ!" ይላል። አነሳሁት፤ ዛሬም የጋለ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ አለው። የምን ትዝታ! የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ እንኳ የማይሆን ግራጫ ሣጥን።

መሐል ሜዳ ከተማ ሳለን ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ የሚነግደው አባታችን በሰፈሩ ብቸኛውን የቤት ስልክ ስላስገባ ሳሎናችን የሁሉም ነበር፤ ከሩቅ የሚደውል ሰው "እገሌን ጥሩልኝ" ብሎ ይዘጋል፣ እኛ ልጆች ሮጠን እንጠራለን፣ የተጠራውም ነጠላውን እያጣፋ ደርሶ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል፣ እንደገና ሲደወል ደግሞ ድምፁን በጉልበት የሚያደርሰው ይመስል እየጮኸ ያወራል፣ እኛም የሰውን ጉድ ሳንወድ በግድ (ኧረ ወደንም ነበር) እንሰማለን።

ጎረቤታችን እትዬ በለጡ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳይጠሩ ይመጡ ነበር። ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራው አንዲት ልጃቸው አስካለ የምትደውለው በዚያ ሰዓት ነው። አንድ እሑድ "አሠሪ ልቀይር ነው እማዬ፣ እዚያ ስልክ ይፍቀዱልኝ አይፍቀዱልኝ እንጃ፤ የሚመጣው እሑድ እንዳትቀሪ" አለቻቸው።

በዚያው ሳምንት ሽመልስ ከአዲስ አበባ ለክረምት ሲመጣ ኮምፒውተርና ሞደም ይዞ መጣ። የስልኩን ገመድ ነቅሎ ኢንተርኔት በሚያመጣለት ሣጥን ላይ ሰካና (እሱ ሲሠራ ስልክ አይገባም) ንክች እንዳታደርጉ ብሎ አስጠነቀቀን። እሑድ ረፋድ ሣጥኑ ጅብ እንዳየ አህያ ሲያናፋ ቆየና ዝም አለ፤ ወንድሜም አገጩን ደግፎ የአንድ ፈረንጅ ኳስ ተጫዋች ፎቶ እስኪወርድለት ይጠብቅ ጀመር። ፀጉሩ መጣ። ግንባሩ መጣ። መስመሩ ተቋረጠ፤ እንደገና ከፀጉሩ። ትልቁ ሥልጣኔያችን ይኸው ነበር።

እትዬ በለጡ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ተናዳ ገመዱን ልትነቅል ብድግ ስትል እጇን ያዟት።

"ተይው እቴ፣ ትምህርቱን ነው። ለመሆኑ ሽሜ፣ ይሄ የሚያወራው ከውጭ አገር ጋር ነው?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንግዲያማ አስካለንም እዚያው ያገኛታል። እናትሽ አልቀረችም፣ ደህና ናት ይበልልኝ።"

ሽመልስ እየሳቀ "እሺ፣ ይነግራታል" አላቸው። እሳቸውም አምነውት፣ መርቀውት ሄዱ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ።

አስካለ ከዚያ ወዲያ አልደወለችም፤ አዲሶቹ አሠሪዎቿ ስልክ ከለከሏት። እትዬ በለጡ በዓመቱ እስኪያርፉ ድረስ "መልእክቴስ ደርሷታል" ይሉ ነበር።

ዛሬ መሐል ሜዳ ስልክ የሌለው ኪስ የለም፤ ማንም ማንንም ሮጦ አይጠራም። አስካለ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ እዚያው እናቷ ቤት ትኖራለች። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ "ያን ቀን ብደውል ብደውል ተይዟል ይለኝ ነበር" አለችኝ፤ ቀጥላም "የእማዬ ድምፅ ጠፍቶብኛል። አንቺ እስከ መጨረሻው አብረሻት ነበርሽ፤ እስቲ 'አስኩዬ' ስትል እንዴት እንደነበር በይልኝ" አለች።

ሞከርኩ። የወጣው የራሴ ድምፅ ነበር።