ሁለተኛ ዙር

እኛ አገር ሰው የቀረበለትን በመጀመሪያው ግብዣ አይቀበልም። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ፣ ርቦት ዓይኑ ቢጨልም እንኳ፣ "አሁን በልቼ ነው የወጣሁት" ይላል። ውሸቱን እንደሆነ እናውቃለን፤ እሱም ማወቃችንን ያውቃል። "በሞቴ" እንላለን፣ እንደገና እምቢ ይላል። "አፈር ስሆን" እንላለን፣ ያኔ እጁን ይታጠባል። የመጀመሪያ ቃሉን ይዞ ማዕዱን የሚያነሳበት ቤት ካጋጠመው፣ ያ ሰው ሁለተኛ እዚያ ቤት አይደርስም፤ ለምን እንደቀረም ለማንም አይናገርም። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አልገባሁም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ሥራዬ ላይ ግን ረሳሁት። የረሳሁትም በዚህ ዓለም ላይ ከማንም በላይ በምወዳቸው ሰው ላይ ነው።

ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሳይደረስ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ የዕቅድና በጀት ባለሙያ ነኝ። ሥራዬን ስናገር አብዛኛው ሰው ገንዘብ የማድል ይመስለዋል። እኔ የማድለው ሠንጠረዥ ነው። ከፌዴራል መንግሥት ለመኖሪያ ቤትና ለአካባቢ ልማት የሚሰጠው ድጋፍ በክልል በኩል አልፎ እኛ ጋ ሲደርስ የበጀት ዓመቱ ተጋምሷል። አብሮት የሚመጣው ደብዳቤ ከዚህ በላይ እንዳታቅዱ የሚል ጣሪያ አለው። ከጣሪያው ሥር ይህን ያህሉ ለአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት፣ ይህን ያህሉ ለጎርፍ መውረጃ ቦይ እያልን የምንከፋፍለው እኛ ነን። የማን ቤት ቀድሞ እንደሚታደስ የሚወስነው ግን የነዋሪው ስብሰባ ነው። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ነዋሪው ይፈርማል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ስም ከቦታው አይነቃነቅም።

እትዬ የጓሮ ጎረቤቴ ነበሩ። የሥጋ ዘመዴ አይደሉም፤ እሳቸው ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ። እናቴ የሞተችው ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በሰልስቱ ማግስት እትዬ በሁለታችን ጓሮ መካከል ካለው አጥር ላይ ጥቂት እንጨት ነቃቅለው በር አወጡበት። "እንግዲህ በመንገድ ዞረሽ አትምጪ" አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እራቴ እሳቸው ቤት ሆነ። ጾም ስይዝ የኔን ወጥ የሚሠሩባት ለብቻዋ የተቀመጠች ትንሽ ድስት ነበረቻቸው፤ ያቺን ድስት ሥጋ ነክቷት አያውቅም። የሚተዳደሩት በማሾ ለቀማ ነው። ከነጋዴ በኩንታል ይቀበሉና ጠጠሩንና ነቀዝ የበሳውን በእጃቸው እየለቀሙ ይመልሳሉ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይዤው የሄድኩት ብርድ ልብስ የተገዛው በዚያ ለቀማ ነው።

ቤታቸው ጭቃ ነው። የኋላው ግድግዳ ወደ ወንዙ የዞረ ሲሆን፣ አንድ ክረምት ጎርፍ መሠረቱን ከቦረቦረው ወዲህ በሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተደግፎ ነበር የቆመው። አንድ ዓመት ድጋፉ ሲመጣ መሐንዲሳችን በየቤቱ እየዞረ ጉዳቱን መዘገበ። እትዬ ቤት ሲደርስ ግድግዳውን በመዳፉ ገፋ አድርጎ አየና ሜትሩን ሰበሰበ። "ይሄ ክረምቱን አያልፍም" አለኝ። አሥር ቤቶች ተመረጡ፤ ስድስቱ በመጀመሪያ ዙር፣ አራቱ በሁለተኛ ዙር እንዲታደሱ። በጉዳቱ መጠን ስም ዝርዝሩን ሳወጣ የእትዬ ስም አንደኛ ላይ ወጣ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተሰማኝ ግን ፍርሃት ነው። የጓሮውን በር የማያውቅ ሰው ከተማችን ውስጥ የለም። እኔ በያዝኩት የሥራ ወንበር ላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰው አንድ ቦይ በአጎቱ ደጅ በማለፉ እስከ ዛሬ ይታማል፤ ቦዩ በሌላ በኩል የሚያልፍበት መንገድ ግን አልነበረም። የኔንም ከወዲሁ ሰማሁት፤ በመንግሥት ገንዘብ የእናቷን ቤት አሠራች ሲሉ። ለሐሜት ይህን ያህል የምጨነቅ ሰው መሆኔን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ስብሰባው የተደረገው በየካቲት፣ በቀበሌው አዳራሽ ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያንጣጣዋል። እትዬ እንደ ልማዳቸው መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አንድ እግሯ በሽቦ በታሰረች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ስብሰባውን መርቀው የከፈቱልን ሽማግሌ አጠገቤ ናቸው። ዝርዝሩን ማንበብ ጀመርኩና የመጀመሪያውን ስም እንዳልኩ፣ ከኋላ አንድ ጎረምሳ በጓሮ በር የሚገባ ሰው ሁልጊዜ ይቀድማል ብሎ ቀለደ። አዳራሹ ሳቀ። ልጁ ክፋት አልነበረውም፤ እኛ መተራረብ እንወዳለን። የኔ ፊት ግን እሳት ሆነ።

እትዬ ሻርፓቸውን አስተካክለው ተነሱ።

"የኔ ይቆይ" አሉ። "ሦስት ሕፃን ይዛ ሸራ ሥር የምታድር አለች፣ ለሷ ይሁን። የኔ ግድግዳ ዘንድሮን ይችላል፣ ኢንሻ አላህ።"

ሴትየዋ ሁለተኛው ዙር ውስጥ ነበረች። ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ፤ ሌላውም ሰው እኔን ያያል። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። "የለም እትዬ፣ መሐንዲሱ አይቶታል፣ የርስዎ ይቀድማል" ማለት ነበረብኝ። እምቢ ይሉ ነበር። እደግመው ነበር። ሽማግሌው "ተይ እንጂ አንቺ ሴትዮ" ይሉ ነበር፣ የቀለደው ልጅ ራሱ አፈር ስሆን ይል ነበር፣ እሳቸውም እያጉረመረሙ ይቀመጡ ነበር። ለሦስት ልጆች እናት ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር መጨረሻ ቦታ ይፈለግ ነበር፤ ስድስተኛው ቤት ጣሪያው ብቻ ነበር የሚያፈሰው። ይህ ሁሉ የአምስት ደቂቃ ጉዳይ ነው።

"እናመሰግናለን" አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም በራሳቸው ፈቃድ ወደ ሁለተኛ ዙር ተላልፈዋል ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ልናገር፤ ስጽፈው ቀለል አለኝ። ከዚህ በኋላ ማንም አያማኝም ብዬ ነው። ሲያልቅ ነዋሪው እየተሰለፈ ፈረመ። እትዬ መጻፍ አይችሉምና በአውራ ጣታቸው ነው ያተሙት፤ ጣታቸውን ይዤ ቀለሙ ላይ ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

ስድስቱ ቤቶች ግንቦት ሳይጋመስ አለቁ። የሦስት ልጆች እናት አዲስ ቆርቆሮ ሥር ስትገባ እትዬ ዳቦ ይዘው ሄደው መርቀዋታል። ለሁለተኛው ዙር የተቀመጠው ገንዘብም ነበር፤ በሠንጠረዤ ላይ አራት ቤት ተብሎ ለብቻው ይታያል። በዚያው ሰሞን ሲሚንቶ ተወደደና የዋናው መንገድ ቦይ እንደተቆፈረ ቆመ። ሰኔ ሠላሳ ላይ በጀት ዓመቱ ይዘጋል፤ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብም ወደመጣበት ይመለሳል። አለቃዬ የቤቶቹን ወደ ቦዩ እናዛውረው አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ቦዩ አፉን ከፍቶ ክረምት ቢገባ ውኃው ገበያውን ሊያጥለቀልቀው ይችል ነበር፣ አራቱን ቤት ደግሞ በቀረው ጊዜ አንጨርስም። የዝውውር ደብዳቤውን ራሴ አርቅቄ፣ የአራቱ ቤቶች እድሳት በቀጣዩ በጀት ዓመት ይታያል የሚል አንድ መስመር ጨመርኩበትና ለፊርማ አቀረብኩ።

ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ በዚያች በር ገባሁ ወጣሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ማሾ ይለቅማሉ። ቀና ሳይሉ "ደብረ ሲና ዝናብ ጀምሯል አሉ" አሉኝ። ደብረ ሲና ሲዘንብ ወንዛችን እንደሚሞላ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ስለ ግድግዳው እየጠየቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል። "አዎ፣ ሾፌሮቹም ጣርማ በር ላይ ጉም ነው ይላሉ" አልኳቸው። አንዲት ጠጠር አነሱ፣ ጣሏት፣ ሌላ ወሬ አመጡ።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ወንዙ ሲያጓራ ሰማሁ። በበሩ ስሮጥ እትዬ ደጃቸው ላይ ናቸው፣ ወጥተዋል፣ ደህና ናቸው። እጃቸውን ልይዝ ስል "የሰው ማሾ" ብለው ተመልሰው ገቡ። የነጋዴው ኩንታል ከኋላው ግድግዳ ሥር ነበር። አልደረስኩባቸውም። ግንዶቹ መጀመሪያ ተንሸራተቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ወደ ውስጥ ወደቀ። ድምፁ ይህን ያህል ትልቅ አልነበረም።

ጎረቤት ተረባርቦ በሕይወት አወጣቸው። ሸዋ ሮቢት ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናቸው፤ እዚያ ሦስት ቀን ቆዩ። ሐኪሙ ውስጣቸው ተጎድቷል ብሎ ነግሮኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ወተት አመጣሁላቸው። አልፈልግም አሉ። በሞቴ አልኳቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፈር ስሆን አልኩ፤ ያኔ ተጎነጩ። ኩባያውን ሳስቀምጥ ለቅሶዬ መጣ።

"እትዬ፣ ስለ ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቁኝም?"

እጄን ፈልገው ያዙ።

"እዚያ አዳራሽ የተነሳሁት ስምሽን እንዳያነሱብሽ ብዬ ነው" አሉኝ። "ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር።"

ቂም አልነበረባቸውም፤ ቢኖርባቸው ይሻለኝ ነበር። ወዲያው ማሾው ረጥቦ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ ፀሐይ ላይ አስጡት አሉ። በማግስቱ ንጋት ላይ አረፉ። በዚያው ቀን ወንዶቹ ተሸክመዋቸው ወደ መቃብር ሄዱ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ጓሮው ላይ ቀረሁ። ሰው ሁሉ አንቺስ እንደ ልጃቸው ነበርሽ እያለ ያጽናናኛል። እንደ ልጃቸው እንደነበርኩ ማወቅ ያጽናናል ብለው ነው። አንዲት ልጅ እናቷን እንዲህ አታደርግም ብዬ መጮህ አምሮኝ ነበር፤ አልጮህኩም።

በቀጣዩ ዓመት ደብዳቤው እንደገና መጣ፣ ከነጣሪያው። ቀበሌው የቤት እድሳቱን ስም ዝርዝር ላከልኝ። ያዘጋጀው ሰው ካለፈው ዓመት የተላለፉትን እንዳለ ነው የገለበጠው። ስለዚህ የእትዬ ስም አንደኛ ላይ ነበር። ስማቸውን ለመሰረዝ በብዕሬ አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ፤ ወረቀቱን ሳምንቱን ሙሉ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ፣ ሳላሰምርበት ስብሰባው ደረሰ።

አዳራሹ ያው ነው፣ ሽማግሌውም አጠገቤ ናቸው። ዝርዝሩን አወጣሁና የመጀመሪያውን ስም አነበብኩ። ማንም አልሳቀም። ደግሜ አነበብኩት። ሽማግሌው ቀስ ብለው "ልጄ" አሉኝ፣ ክንዴንም ነኩኝ። ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ በሽቦ የታሰረችውን ባዶ ወንበር እያየሁ፣ እትዬ እምቢ እስኪሉኝ ጠበቅኩ።