ጭራ ቆራጩ መምህር

አባቴ መምህር ዓለምብርሃን ደባርቅ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙዚቃ አስተምሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደግሞ «ሥራህ ምንድን ነው?» ተብሎ ተጠይቋል። «መምህር ነኝ» ሲል «የምን?» ይሉታል። «የሙዚቃ» ሲል ጠያቂው «እሱስ ይሁን፤ ሥራህን ነው የጠየቅኩህ» ይላል። አባዬ በዚህ ተቆጥቶ አያውቅም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እቆጣለታለሁ። በቤታችን የቁጣው ድርሻ በሙሉ ለእኔ ሳይደርሰኝ አልቀረም።

የተወለደው ዳባት አጠገብ ባለች የገጠር መንደር ነው። አያቴ ቄስ ሊያደርጉት ዜማ ቤት አስገብተውት ነበር። ጾመ ድጓውን ጀምሮ፣ ድምፁም ተወዶለት ሳለ፣ አንድ የገበያ ቀን ዳባት ላይ መሰንቆ ሰማ። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም ወደደ፤ ሁለቱንም መውደድ ደግሞ በአያቴ ቤት አይፈቀድም። «ልጄ አዝማሪ ሊሆን ነው» ብለው አንድ ዓመት አኮረፉት። የታረቁት መምህራን ማሠልጠኛ ገብቶ «የሙዚቃ መምህር» የሚል ወረቀት ይዞ ሲመለስ ነው። ወረቀቱ ማኅተም ነበረው። ለአያቴ ማኅተም ያለው ነገር ኃጢአት አይሆንም።

ትምህርት ቤቱ ለሙዚቃ የሰጠው አንድ ክፍል፣ አንድ መሰንቆና ቆዳው የላላ አንድ ከበሮ ነበር። በየክፍሉ ስድሳ ተማሪ አለ። ስለዚህ አባዬ ያለ መሣሪያ ማስተማር ለመደ። ደወላችን ባሕር ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነው። ቸርኬው ሲመታ አባዬ እጁን ያነሳል፤ ስድሳ ልጅ አፉን ዘግቶ የቸርኬውን ድምፅ ያንጎራጉራል። ያን ድምፅ አስተካክሎ ያልያዘ ልጅ መሰንቆ አይነካም። «መጀመሪያ ስማ፤ ጣትህን በኋላ እናስብበታለን» ይል ነበር። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ዕድሜው ከሃያ አምስት በላይ የሆነን ሰው ቸርኬ ብትመቱለት ሳያስበው ያንጎራጉራል። ሞክሬዋለሁ።

ሰባተኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ የመሰንቆን ጭራ ያስተምራቸዋል። ጭራው ከወንድ ፈረስ ብቻ እንደሚወሰድ፣ የሴቷን ሽንት እየነካው እንደሚደርቅና እንደሚሰባበር፣ የበቅሎማ ነገር እንደማይነሳ ይነግራቸዋል። ሽንት ሲባል ክፍሉ በሳቅ ስለሚፈርስ ይህን ትምህርት የረሳ ሰው አላውቅም። ችግሩ እኔ ይህ ታሪክ ሲሆን ገና አምስተኛ ክፍል መሆኔ ነው።

ዘመኑ 1990 ዓ.ም. ነው። የወላጆች ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔም ብቻዬን መድረክ ላይ ወጥቼ መሰንቆ እንድመታ ተመርጫለሁ። መሰንቆው ከትምህርት ቤት አይወጣም፤ ይህ የአባዬ ሕግ ነው፤ ለልጁም አይሻርም። እኔ ግን ቅዳሜ ጠዋት በእናቴ ነጠላ ጠቅልዬ ቤት አመጣሁት። ድምፁ ከፍ እንዲልልኝ ብዬ መወጠሪያውን ሳጠብቅ፣ ሳጠብቅ፣ ጭራው ጧ አለ። ተበጠሰ።

አጥራችን ላይ አንዲት በቅሎ ታስራ ነበር። ዳማ ይሏታል፤ የጋሽ ቢራራ ናት። ጋሽ ቢራራ የስሜን ተራሮችን ሊያይ የመጣ እንግዳ ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃ በር የሚያደርሱ በቅሎ ጫኝ ናቸው። ያን ዕለት ጎረቤታችን ቤት ማኅበር ሊጠጡ መጥተው ነው በቅሏቸውን እኛ ደጅ ያሰሩት። ዳማ ጭራዋ ረጅም ነው። የእናቴን ምላጭ ይዤ ወጣሁ፤ አንድ እፍኝ ቆረጥኩ። ዳማ ዞራ አየችኝና ሣሯን መብላት ቀጠለች። ከእርሷ ይልቅ የሚቆጣ ሰው መኖሩ አልታሰበኝም።

በእኛ አገር የሰው በቅሎ ጭራ መቁረጥ ቀልድ አይደለም። ባለቤቱን በአደባባይ እንደ መስደብ ነው፤ «ምን ታመጣለህ?» እንደ ማለት ነው። ጋሽ ቢራራ ደግሞ በዚያው ዓመት ገዱ ከሚባል ሰው ጋር በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ እንኳ አላስታርቃቸው ብሎ ነበር።

እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ጭራውን አስሬ እመታለሁ። ድምፁ ዘይት ያጣ በር ነው። አባዬ ከውጭ ገባ። መሰንቆው ለምን ከትምህርት ቤት እንደወጣ እንኳ አልጠየቀኝም።

«ይሄ የፈረስ አይደለም» አለ። «ከየት አመጣሽው?»

መልስ ሳልሰጥ ከደጅ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ቢራራ ናቸው። «ገዱ ነው! ከገዱ በቀር ማን ይደፍረኛል! ዛሬ ወይ እኔ ወይ እሱ!» ይላሉ። እናቴ ዘቢደር እየሮጠች ገባች።

«ኧረ ዓለምብርሃን ድረስ! ቢራራ ጠመንጃውን ሊያመጣ ነው። ገዱ የበቅሎውን ጭራ ቆርጦበት…» አለችና ጭኔ ላይ ያለውን ጭራ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች።

ማልቀስ ጀመርኩ። ገዱ በእኔ ምክንያት ሊሞት ነው። «እኔ ነኝ ብዬ ልንገራቸው?» አልኩት አባዬን።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ምላጩን ከአጠገቤ አነሳና ኪሱ ከተተው። «ደባርቅ ትንሽ ከተማ ናት ናዝራዊት» አለኝ። «እዚህ አንዴ የወጣ ስም አይመለስም። ያንቺ ስም ገና ትንሽ ነው፤ ይሄን አይችልም። የኔ ይችላል።»

ወጣ። ከግቢያችን ካብ ላይ አንድ ድንጋይ ነቅሎ ማጅራቱ ላይ አደረገ። የበደለ ሰው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ፊት ይቆማል፤ ያኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ እስኪያወርድለት ቀና አይልም። ግን ድንጋይ ተሸክሞ፣ ኮት ለብሶ፣ ከረባት አስሮ የሚሄድ መምህር ደባርቅ አይታ አታውቅም። ተማሪዎቹ ከየደጁ እየወጡ አዩት። እኔና እናቴ በአጥሩ ቀዳዳ እናያለን።

ጋሽ ቢራራን መንገድ ላይ ደረሰባቸውና ፊታቸው ቆመ። «አያ ቢራራ» አለ፤ «የዳማን ጭራ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ገዱ የለበትም። ለመሰንቆ ብዬ ነው። ሳላስፈቅድ ነክቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ፤ ማሩኝ።»

ጋሽ ቢራራ ድንጋዩን አዩ። ከረባቱን አዩ። «አንቱ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«አንቱ መምህር፣ የኔን በቅሎ ጭራ፣ ለመሰንቆ?»

«አዎ።»

ዞረው አጥራችን ላይ የታሰረችውን ዳማን አዩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሳየው ድንጋዩ አባዬን እያጎበጠው ነበር። በመጨረሻ ጋሽ ቢራራ እጃቸውን ዘርግተው ድንጋዩን ከማጅራቱ አነሱት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። «ይቅር፣ ይቅር። ይሄን የሚያህል ድንጋይ ደግሞ ምን አሸከመዎ!» ቆሞ የነበረው ሰው ሳቀ፤ ቁጣውም በሳቁ አለቀ። ገዱ ለካ ያን ዕለት አዲ አርቃይ ነበር። ሊሞት እንደነበር የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው።

አባዬ ሲመለስ አልመታኝም፤ አልተቆጣኝም። የፈረስ ጭራ አምጥቶ መሰንቆውን ሠላሳ ጊዜ እንዳስርና እንድፈታ አደረገኝ። እስከ ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ አስራለሁ። በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ስወጣ ከሰው መሃል አንዱ «ጭራው የማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ተንከተከተ፤ አባዬ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። እኔም መታሁ። ጥሩ ነበር አሉኝ፤ እኔ ግን አንዱንም አልሰማሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ጭራ ቆራጩ» ሆነ። ሕፃናት መንገድ ላይ ይሉታል። ሠርግ ላይ ይነሳል። እዚያው ደባርቅ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውሮ ሲሄድ እንኳ ስሙ ቀድሞት ደረሰ። ጋሽ ቢራራ ደግሞ በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ጥቅል የፈረስ ጭራ ይዘው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይመጣሉ። «ለጭራ ቆራጩ ስጡልኝ» ብለው ይሄዳሉ። እኛ ቤት ይህን እንደ ፌዝ ነበር የምናየው። እኔማ በየዓመቱ ጥርሴን አፋጭ ነበር። አባዬ ግን ጥቅሉን በሁለት እጁ ይቀበልና አንድ ክር እንኳ ሳይጥል ለተማሪዎቹ መሰንቆ ያውለዋል።

ሃያ ዓመት ሲሞላኝ አላስችል አለኝ። «አባዬ፣ አሁን ስሜ አድጓል፤ ልናገር» አልኩት።

«ምነው፣ ይሄን ያህል ዓመት የለመድኩትን ስም ልትቀሚኝ ነው?» ብሎ ሳቀና አለፈኝ። ሳቁ እውነተኛ ነበር፤ ለእኔ ግን እፎይታ አልሆነኝም። ሰው ሁሉ አባቴን ባልሠራው ነገር ሲጠራው በሰማሁ ቁጥር ያች ድንጋይ ትታየኛለች።

አሁን እኔም ዳባት ላይ አስተማሪ ነኝ። ከሰዓት በኋላ የሙዚቃ ክበብ አለኝ። ልጆቼ የትምህርት ቤታችንን ደወል ያንጎራጉራሉ። ደወላችን ኤሌክትሪክ ስለሆነ ድምፁ ያስጠላል፤ ቢሆንም ያንጎራጉሩታል። እንጀራዬን፣ ጆሮዬን፣ ትዕግሥት ካለኝም ትዕግሥቴን የሰጠኝ እሱ ነው። ይህን በሕይወት እያለ ነግሬዋለሁ፤ በዚህ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ለሰው ያልነገርኩት የዳማን ጭራ ነገር ነው።

አባዬ ባለፈው ኅዳር በሰባ አራት ዓመቱ አረፈ። በአርባው ቀን ግቢያችን ሞላ። ከተበላ በኋላ የቀድሞ ተማሪው ሐብታሙ ሊናገር ተነሳ። አሁን ትልቅ ነጋዴ ነው፤ መልካም ሰው ነው፤ አባዬን ይወዳል። ስለ ቸርኬው አወራ፤ ሰው ሳቀ፤ አለቀሰም። ከዚያ «መምህራችን በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ጥፋት ብቻ ነው የሠሩት፤ እሷንም ዳማ ታውቃለች!» አለ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። እናቴ አልሳቀችም። እኔን አየችኝ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያን ሰዓት ግን ምላጭ የያዝኩ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ተነሳሁ።

«አባቴ የዳማን ጭራ አልቆረጠም» አልኩ። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እሱ ድንጋዩን የተሸከመው ለእኔ ነው። ስሙንም የተሸከመው ለእኔ ነው። ከዛሬ በኋላ በዚህ የሚጠራው ሰው ካለ እኔን ይጥራኝ።»

ጋሽ ቢራራ በዕድሜ ጎብጠው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በክንዴ ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፣ ተይ። እኔኮ ያን ለት ነው ያወቅኩት» አሉ።

«ምኑን?»

«ዳማ ሴት በቅሎ አይደለች? መምህር ዓለምብርሃን የሴት በቅሎ ጭራ ለመሰንቆ ይቆርጣል? ይሄን እኔ ማይሙ ሳውቅ እሱ ሊስተው! ድንጋዩን ተሸክሞ ‹ለመሰንቆ ብዬ ነው› ሲለኝ፣ ለልጁ እየዋሸ እንደሆነ ገባኝ። በአጥሩ ቀዳዳም ዓይንሽን አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?»

«ለልጁ ብሎ ያን የሚያህል ድንጋይ የተሸከመን ሰው ‹ውሸትህን ነው› ልበለው? ምን አፍ አለኝ! እንዲያው በየዓመቱ ጭራውን ባመጣለት፣ እንደገባኝ ይገባው እንደሁ ብዬ ነው።» ከጋቢያቸው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። «የዘንድሮው ነው። ከመስቀል በኋላ ላመጣው ስል እሱ ታመመ። ለማን እንደምሰጠው ጨንቆኝ ነበር።»

ጥቅሉን መዳፌ ላይ አኖሩት። ነጭ፣ ረጅም የፈረስ ጭራ ነው። እንባዬ ጋዜጣው ላይ ይንጠባጠባል።

«የወንድ ፈረስ ነው» አሉኝ ጣታቸውን እያነሡ። «ባለቤቱንም አስፈቅጄዋለሁ።»