የሠረቀብርሃን የሰጋቱራ ምድጃ

እኔን «እቴቴ» የሚለኝ ታናሽ ወንድሜ ሠረቀብርሃን አናጢ ነው። «ነበር» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እሺ አይለኝም እንጂ። ከተማችን ፍስሐ ገነት ውስጥ የሱን አልጋ ያልገዛ ሙሽራ እስቲ ጥሩልኝ!

የሚሠራው ጓሮ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክረምት ሲመጣ የኛ አገር ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ ዋንዛው ይረጥባል፣ ኮላው አልይዝ ይላል። ስለዚህ በትልቅ የቀለም ጣሳ ሰጋቱራ ይጠቀጥቅና፣ መሃሉን ቀዳዳ አድርጎ እሳት ይለኩስበታል። ቀስ እያለ ሲነድ ይውላል፣ ክፍሏም ትሞቃለች። በሩን ግን ሁልጊዜ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ ጭሱን ያውቀዋላ።

አምና ሐምሌ፣ ዝናቡ አላባራ ባለ ቀን፣ በሩ ተዘግቶ እዚያው ወድቆ ተገኘ። ሚስቱ ሙሉነሽ ለምሳ ልትጠራው ሄዳ ነው ያገኘችው። ዲላ ሆስፒታል ወሰድነው፤ ነፍሱ ተረፈች። እጁ ግን እስከ ዛሬ ይንቀጠቀጣል። መላጊያ መያዝ አይችልም፤ መጋዙንም አንድ ቀን አንስቶ መልሶ ሰቀለው።

«በሩን ማን ዘጋው?» ላለው ሁሉ፣ «ራሴ ነኝ፣ በርዶኝ» ይላል። እኔማ ንድድ ነው የምለው! «አንተ ደረቅ! ዕድሜህን ሙሉ ያነደድከው ጭስ እንደሚገድል አታውቅም?» እያልኩ በሄድኩ ቁጥር አወርድበታለሁ። እሱ ቁጭ ብሎ ይሰማኛል። ሙሉነሽ ግን ተነስታ ትወጣለች። ባሏ ሲሰደብ መስማት አልችል ብላ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሽሮ ይዤላቸው ስሄድ፣ ደጃፋቸው ላይ ሳለሁ የሙሉነሽን ልቅሶ ከውስጥ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁት» ትለዋለች። «ላብ አጥምቆህ፣ ጎንበስ ብለህ ስትሠራ አየሁህ። ጀርባህን ንፋስ እንዳይመታህ ብዬ ቀስ አድርጌ ዘጋሁት። እጅህን የበላሁት እኔ ነኝ!»



«ስትዘጊው አይቼሻለሁ እኮ» አላት። «አሰበችልኝ ብዬ ደስ አለኝና፣ ኋላ እከፍተዋለሁ ስል ተውኩት። በይ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። በተለይ ለእቴቴ። እኔን ብትሰድብ ይሻላል።»

እንባዬን በነጠላዬ ጠረግኩ። ከዚያ ገባሁና፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አንተ ደረቅ!» አልኩት።