ካዝ ግራቦቭስኪና የናጂ ክሮስኦቨር

ካዝ ግራቦቭስኪ ሲስቅ ባትሪው የደከመ መኪና ነው የሚመስለው። ህህ… ህህ… ህህ… አልነሳ ብሎ ብሎ፣ ድንገት ይነሳል። ከተነሳ ደግሞ ማን ያጠፋዋል! የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ከተማ በሆነችው ሃምትራምክ ውስጥ ይሄን ሳቅ የማያውቅ ሰው ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰራም።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በር ሲገጥም ነው የኖረው። የቤት እንዳይመስላችሁ፣ የመኪና። ፋብሪካ ውስጥ መኪናው በሰልፍ ቀስ እያለ ሲመጣ በሩን አንስቶ፣ በትከሻው ገፋ፣ በጉልበቱ ደገፍ፣ ዱም! ቀጣይ። ገፋ፣ ደገፍ፣ ዱም! ቀጣይ። እሱ ጡረታ ቢወጣም ጆሮው አልወጣም። ሚስቱ ሎቲ ፍሪጅ ስትዘጋ ካዝ ሳሎን ቁጭ ብሎ «ላስቲኩ ለቋል» ይላል። አንድ ጊዜማ ለኑዛዜ ቤተክርስቲያን ገባና ካቶሊኮች የሚናዘዙባትን የእንጨት ሳጥን በር ሳብ አድርጎ ዘጋ። ቄሱ ኃጢአቱን ሊናገር ነው ብለው ሲጠብቁ፣ «አባ፣ ይቺ ማጠፊያ ዘይት ትፈልጋለች» አላቸው።

እዚያ ሰፈር አዲስ መኪና የገዛ ሰው ቀጥ ብሎ ቤቱ አይገባም። መኪናውን ደጅ አቁሞ፣ እጁን ኪሱ ከቶ ይጠብቃል። ጡረተኞቹ አንድ ባንድ ይመጣሉ። ማንም አልጠራቸውም፣ የአዲስ መኪና ሽታ ነው የሚጠራቸው። አንዱ ጣቱን በሩና ቦዲው መሀል ሰዶ ክፍተቱን ይለካል። አንዱ ተንበርክኮ ከስር ያያል፤ መነሳት ሲያቅተው ሌሎቹ ያነሱታል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው በሩን ይዘጋል። ያኔ ሁሉም ጭጭ! ዱም ካለ ጥሩ ነው። ቻክ ካለ… እግዜር ይሁንህ። ባለመኪናው ውስጡ ቢቃጠልም አፉን አይከፍትም፤ ነገ የጎረቤቱ መኪና ሲመጣ እሱም ጣቱን ይዞ መሄዱ አይቀርማ።

የዚህ ችሎት ዳኛ ካዝ ነው። ከጎኑ የማይጠፋው ደግሞ ኦቲስ ብራዝዌል፣ ድሮ ቀለም ክፍል የነበረው። ኦቲስ ሲያወራ አንዷ ቃል እስክትደርቅ ጠብቆ ነው ሌላዋን የሚቀባው። «እኔ… ምንም… አላልኩም» ብሎ ይጀምርና የሰውን መኪና ሬሳ አድርጎት ይሄዳል። ሁለቱ ስለ ኳስም፣ ስለ ምርጫም፣ ስለ አየሩም ሲነታረኩ ነው የሚውሉት። በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው። ክሮስኦቨር የሚባለውን፣ ከአውቶሞቢል ከፍ ከፒክአፕ ዝቅ ያለውን መኪና፣ ዓይኑን ማየት አይፈልጉም።

«ጠይቁታ!» ይላል ካዝ፣ መሀል ቆሞ። «አውቶሞቢል ነህ ወይ? በሉት።» ከዚያ ድምፁን አቅጥኖ፣ ከንፈሩን አሹሎ፣ በመኪናው ቦታ ይመልሳል። «ኧረ አይደለሁም!» «ፒክአፕ ነህ?» «ውይ፣ እሱስ ይከብደኛል!» «ታዲያ ምንድነህ አንተ?» «እኔማ የቤተሰብ ነኝ!»

«ዕቃ… ልጫንህ ሲሉት… ወገቤን ይላል» ይጨምራል ኦቲስ። «ፍጠን ሲሉት… ልጆች አሉ ይላል።»

ህህ… ህህ… ህህ…

ቀልድ ይመስላል እንጂ ካዝ ከልቡ ነው። ፋብሪካው አውቶሞቢል መሥራት ትቶ ወደ ክሮስኦቨር ሲዞር፣ ካዝ ከመጨረሻዎቹ አንዷን፣ በሯን በገዛ እጁ የገጠማትን ግራጫዋን ገዝቶ ነው ጡረታ የወጣው። ረጅም፣ ዝቅ ያለች፣ ስትሄድ አስፋልቱን የምትልስ ነው የምትመስለው። «ይቺ ከሞተች በእግሬ እሄዳለሁ እንጂ እዚያ ነገር ውስጥ አልገባም» ብሎ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ምሏል።

ችግሩ፣ ሎቲ በእግሯ መሄድ አልቻለችም።

በመኸር የዳሌዋን መገጣጠሚያ በብረት ቀየሩላት። ሐኪሙ የነገራት አንድ ነገር ነው፤ ስትቀመጪ ጉልበትሽ ከዳሌሽ ከፍ እንዳይል። ካዝ ወጥ ቤት ያለችውን የእንጨት ወንበር ትራስ አስሮባት ከፍ አደረጋት። ቤት ውስጥ እሷ ላይ ብቻ ነው የምትቀመጠው። ለገና ቤተክርስቲያን ልሂድ ብላ ግራጫዋ ውስጥ ለመግባት ሞክራ ነበር። ሰመጠች በቃ። ካዝ ከፊት ይጎትታል፣ ኦቲስ ከኋላ ይገፋል፣ ሎቲ መሀል ሆና እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። በኋላ ሳቁ ቆመ፤ እንባው አልቆመም። የኦቲስን ፒክአፕ ደግሞ ቀና ብላ አየችና «ይሄ ላይ የምወጣው መሰላል ስታመጡልኝ ነው» ብላ ቤቷ ገባች። ገባች፣ አልወጣችም።

አሁን የካቶሊኮቹ ፆም ገብቷል፤ ዓርብ የሚከለከለው ሥጋ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ደብሩ አዳራሽ ውስጥ ዓሣ ይጠበሳል፤ ሰፈሩ በሙሉ እዚያ ነው የሚበላው። ኦቲስ እንኳን ባፕቲስት ሆኖ፣ ዓሣ ሲሆን ካቶሊክ ነው። ከዓሣው ጎን ድንችና አይብ በሊጥ ጠቅልለው የሚቀቅሉት ፒሮጊ አለ። የዚህ ፒሮጊ አለቃ ሎቲ ናት። ሊጡን የምታቦካው፣ ጫፉን በጣቷ ቆንጠጥ ቆንጠጥ አድርጋ የምትዘጋው እሷ ናት። ዘንድሮ ግን ያለሷ ተሠራ።

«ፒሮጊው እንደ በረዶ ጎማ ነው አሉ» አለችው ካዝን ከወንበሯ ላይ። እየሳቀች አልነበረም። «በሉት ግን። እንደዚያም ሆኖ በሉት። ሰው ይለምዳል፣ ካዝ። ያለኔ መብላት ይለምዳሉ።»

ካዝ ወጥቶ የግራጫዋን በር ከፍቶ ዘጋ። ዱም! በሩ ምንም አልጎደለውም።

በዚያው ሳምንት ጎረቤታቸው ናጂ አዲስ መኪና ይዞ መጣ። ናጂ የመናዊ ነው፣ ካዝ የለቀቀው ፋብሪካ ውስጥ፣ ካዝ የቆመበት መስመር ላይ የሚሠራ። ያመጣው ክሮስኦቨር ነው፣ እዚያው የተሠራ። ልማዱን አወቀም አላወቀም እጁን ኪሱ ከቶ ደጁ ላይ ቆመ። ጡረተኞቹ መጡ። ሎቲም ምርኩዟን ይዛ በረንዳ ላይ ወጣች።

ካዝ ጣቱን ሰደደ። ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ። ራሱን ነቀነቀ። በሩን ዘጋ።

ቻክ።

«ያለቅሳል» አለ ካዝ። «ሰማችሁት? እናቴን ጥሩልኝ እያለ ነው።»

ህህ… ህህ… ህህ… ሁሉም ተከተለው። ኦቲስ «እኔ… ምንም… አላልኩም» ብሎ ጀምሮ ነበር፣ ግን የናጂን ፊት አየና እውነትም ምንም አላለም።

«አጎቴ ካዝ» አለ ናጂ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «ይሄን በር እኮ የገጠመው የኛ ሺፍት ነው።»

«ያስታውቃል!» አለ ካዝ።

ናጂ በረንዳውን ቀና ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔማ አክስቴ ሎቲ ዓርብ መሄድ ከፈለጉ ላድርሳቸው ብዬ ነበር። ወንበሩ ለሳቸው ይመቻል ብዬ…»

ሰው ሁሉ እያየ ነው። ካዝ ደግሞ ሰው ሁሉ እያየው ትክክለኛ ነገር ተናግሮ አያውቅም። «የኔ ሚስት» አለ፣ «እዚያ ነገር ውስጥ አትገባም።»

በረንዳው ላይ ምርኩዙ ጠቅ አለ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ሎቲ። ጮክ ብላ አልነበረም። ገባችና በሩን ዘጋች። ካዝ ያንን በር ራሱ ነው የሰቀለው፤ ዱም ነው የሚለው። በዚያን ቀን ግን ድምፁ አላማረውም።

እራት ላይ አላወራችውም። ካዝ ሾርባውን እያማሰለ፣ የተቀመጠችበትን ወንበር ያይ ጀመር። ትራሱን፣ የእግሩን ቁመት፣ ጉልበቷን፣ ዳሌዋን። ያኔ ነው አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ የገባው። ስንት ዓመት በር አይቷል። ክፍተት አይቷል፣ ማጠፊያ አይቷል፣ ላስቲክ አይቷል። የዚያን መኪና ወንበር ግን አላየውም። በሩን ከፍቶ፣ ዘግቶ፣ ፈርዶ ሄደ። በር ደግሞ የሚከፈተው ሰው ሊገባበት አልነበር እንዴ?

በነጋታው ጠዋት ናጂ በመስኮት ወደ ውጭ ሲመለከት ካዝ በረዶው ላይ የወጥ ቤት ወንበር ተሸክሞ ሲመጣ አየ። ወንበሩን መኪናው አጠገብ አቆመ። ጎንበስ አለ። መዳፉን ከወንበሯ የመኪናው መቀመጫ ወደሚታይበት መስታወት፣ ከመስታወቱ ወደ ወንበሯ እያመላለሰ ይለካል። ትራሱ ወደቀበት፣ በረዶውን አራግፎ መለሰው። አሁንም ጎንበስ አለ።

ናጂ ጃኬቱን ደርቦ ወጣ። «አጎቴ፣ ሊቀመጡ ነው? ሻይ እንዳላቀርብ ረመዳን ነው፣ እኔም ፆመኛ ነኝ።»

ካዝ ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል፣ ከብርዱ ይሁን ከሌላ አይታወቅም። «ክፈትልኝ እስቲ ይሄን ጋቢና።»

ናጂ ከፈተለት። ካዝ ወንበሯን አስጠግቶ አየ። እኩል ናቸው። ወንበር ከወንበር፣ በጣት እንኳን ልዩነት የላቸውም። እጁን መቀመጫው ላይ ጫን አድርጎ ብዙ ቆየ።

«ናጂ።»

«አቤት አጎቴ።»

«ዓርብ…» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ያ መነሳት ያቃተው ባትሪ። «ዓርብ ላይ… ሎቲ… ይሄ ነገርህ… ሥራ አለው?»

ናጂ ትንሽ ያዝ አደረገው፣ የሚገባው ነውና። «በሩ ግን ያለቅሳል እኮ፣ አጎቴ።»

«ያልቅስ!» አለ ካዝ። «እኔም ትናንት ላለቅስ ነበር።»

ናጂ ሳቀና ቁልፉን ሰጠው። «ከላይ የጠበበው እውነት ነው» አለ። «በሩን አሁን ማሽን ነው የሚያነሳው፣ እኛ እናስተካክላለን። ያቺን ጥግ ግን መያዝ አቃተኝ።»

«በእጅህ ትታገለዋለህ፣ ለዚያ ነው። በጉልበትህ ደገፍ አድርገው። ና አሳይሃለሁ።» ሁለቱም በረዶው ላይ በር ሲደግፉ የናጂ ሚስት በመስኮት አይታ መጋረጃውን ዘጋች።

ዓርብ ሎቲ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ወጣች። አሁንም ብዙ አታወራም። ካዝ የጋቢናውን በር ከፈተ። ጀርባዋን ሰጥታ፣ እጇን መቀመጫው ላይ ጫን አደረገች፣ ተቀመጠች። እግሯን አንድ፣ ሌላውን አስከተለች። በቃ። ካዝ ለመደገፍ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው። «ዝጋው እንጂ።»

ዘጋው። ቻክ። ካዝ እንደዚያ ቀን የሚያምር ቻክ ሰምቶ አያውቅም።

ደብሩ ጋ ሲደርሱ ጡረተኞቹ እንደ ልማዳቸው አዳራሹ ደጅ ቆመዋል። ካዝ መሪውን ወደ ጓሮ ማጠፍ ጀመረ።

«ወዴት ነው?»

«ከኋላ… በረዶው ተጠርጓል…»

«ካዝ። ፊት ለፊት።»

ፊት ለፊት አቆመ። ሎቲ በሩን ራሷ ከፈተች፣ ሁለት እግሯን አወረደች፣ ቆመች። ምርኩዟን ተቀብላ በጡረተኞቹ መሀል አልፋ፣ «ደህና ናችሁ? ስትወፍሩ!» ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ከዚያ ሁሉም ዞረው ካዝን አዩት። ኦቲስ ቀስ ብሎ መጣ። ጣቱን ሰደደ። በሩን ከፍቶ ዘጋ። ሁሉም ጭጭ።

«እኔ… ምንም… አላልኩም» አለ ኦቲስ። «ግን… አንድ ሰው… ይሄ መኪና አይደለም… ሲል ሰምቼ ነበር።»

«ታዲያ መኪና ነው አልኩ?» አለ ካዝ። «ወንበር ነው። የሎቲ ወንበር። ጎማ አለው፣ በቃ!»

«የቤተሰብ ነኝ!» ብሎ አንዱ ድምፁን አቀጠነበት። ደጁ በሳቅ ፈረሰ። ካዝ ሳቃቸው እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ተራው እንደሆነ ያውቃል።

ኦቲስ ግን ጋቢናውን ከፍቶ ገባ። ተቀመጠ። አልወጣም።

«ውጣ እንጂ! ዓሣው በረደ!»

«ቆይ…» አለ ኦቲስ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ጉልበቴ… የሆነ ነገር… እየነገረኝ ነው።»

ያኔ ከወጥ ቤት የሎቲ ድምፅ መንገድ ድረስ ወጣ። «ይሄን ሊጥ ማነው የገደለው? ዱቄት አምጡ! እሳቱን አጥፉት! ማነው እሱ፣ ተነስልኝ ከዚህ!» ሰልፍ ላይ ሳህን ይዘው የቆሙት ሰዎች አጨበጨቡ።

ህህ… ህህ… ህህ… ካዝ ተነሳ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል መኪናውን ለናጂ መለሱለት። ሎቲ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ሰጠችው። «ድንችና አይብ ብቻ ነው፣ ልጄ፣ ሥጋ የለበትም። ስታፈጥር ብላው።» ናጂ ፎይሉ ላይ መዳፉን ጭኖ ሙቀቱን እያየ አመሰገነ። ሎቲ ወደ ቤት ስታዘግም ካዝ ወደኋላ ቀረ። መኪናውን ዞረ። ኮፈኑን መታ መታ አደረገ። በትከሻው ገፋ፣ በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ በሩን ዘጋው።

«ናጂ» አለ፣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያየ። «ይሄ ነገር በግራጫ ቀለም ይሠራል?»