ከ«ኡቬክ ጀልባ» ላይ የተፋቁት ስሞች

«የኡቬክ ጀልባ» የተባለውን ዘፈን የማያውቅ ሰው በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለችው በሳራቶቭ ከተማ አይገኝም፤ ኡቬክ ከወንዙ ዳር ያለ ሰፈሯ ነው። ሰርግ ላይ ይዘፈናል፤ ልጅ ለውትድርና ሲሸኝም ይዘፈናል። የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን «የሕዝብ ነዋ!» ይሏችኋል። አንጀቴን የሚያሳርረኝ ይኼ ነው። ሕዝብ ፒያኖ ፊት ተቀምጦ ዜማ ሲደርስ አይቼ አላውቅም። ኒኮን ሳቬልዬቪች ዛቭያሎቭ ሲደርሱ ግን አይቻለሁ።

የመርከብ እሳት አንዳጅ ልጅ ነበሩ። አኮርዲዮን የተማሩት ከአባታቸው የሥራ ጓደኞች ነው። ከጦርነቱ ሲመለሱ ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር፤ ስለዚህ ሲጫወቱ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። እኔ በከተማው ሬዲዮ ኖታ ገልባጭ ነበርኩ፤ እሳቸው የጻፉትን ለቫዮሊኑም ለመለከቱም ለየብቻ በቀለም እገለብጣለሁ። የምንኖረው በአንድ አፓርታማ ነው፤ ስድስት ቤተሰብ፣ አንድ ማድ ቤት።

ዘፈን ሲጨርሱ ለማንም አይናገሩም። የክፍላቸውን በር ከፍተው ሦስት ጊዜ ይጫወቱትና መልሰው ይዘጉታል። በማግስቱ ማድ ቤት ገብተው ሻይ የሚያፈሉ መስለው ጎረቤታችንን ስቴሻን ያዳምጣሉ። ጎመን ስትከትፍ ዜማውን ካንጎራጎረችው ወደ ሬዲዮ ይሄዳል፤ ካላንጎራጎረችው ይቀደዳል።

«ስቴሻ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ጥርሴን አሞኛል። ደግሞ የትናንቱ ዘፈንህ ጨው የሌለው ሾርባ ነው።»

«ትንሽ ጨው ብንጨምርበትስ?»

«ድፋው አልኩህ!»

የሳምንት ሥራቸውን ቀደው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። በ«ኡቬክ ጀልባ» ጊዜ ግን ስቴሻ ሦስት ቀን ሙሉ ስታንጎራጉር ሁለት ድስት አሳረረች።

ግጥሙን የጻፈው ወዳጃቸው ሰሚዮን ብሩክ ነው፤ በበጋም ሻርፕ የማያወልቅ፣ ጉንፋን የማይለቀው ቀጭን ሰው። ለዐሥራ አንድ ዓመት በሬዲዮ የሁለቱም ስም ተከታትሎ ሲጠራ ቆየ። በ1974 ብሩክ እናቱን ይዞ ከአገር ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የሙዚቃ ክፍሉ ኃላፊ ጎርዴይ ኢፓቶቭ ኒኮን ሳቬልዬቪችንና እኔን አስጠራን፤ እኔ ኖታዎቹን ይዤ እንድመጣ ታዘዝኩ።

«አገሩን ጥሎ የሄደ ሰው ስም በሬዲዮ አይጠራም፤ የገጣሚውን ስም እናወጣለን» አለ እርሳሱን እየቀረጸ። «‹ዜማ ዛቭያሎቭ፣ ግጥም የሕዝብ› ይባላል። ዘፈኑ ይቀጥላል፤ እርስዎም ይቀጥላሉ።»

«ግጥሙ የብሩክ ነው» አሉ ኒኮን ሳቬልዬቪች።

«ብሩክ የሚባል ሰው የለም።»

«እንግዲያው ዛቭያሎቭም የለም። ወይ ሁለታችንም እንጻፍ፣ ወይ ማናችንም።»

ኢፓቶቭ ሳቀ። «ይኼማ ምን ችግር አለው!» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ግላፊራ፣ ሁለቱንም አጥፊ።»

እኛ ገልባጮች ስሕተት የምናርመው በምላጭ ነው፤ ቀለሙን ከወረቀቱ ላይ ቀስ አድርገን እንፍቃለን። በሠላሳ ሁለት ወረቀት ላይ የሁለት ሰው ስም ፋቅሁ። ያውም አሳምሬ! አንድም ወረቀት ሳልበሳ! ብናኙን እፍ ብዬ አራገፍኩ። ለማሳል እንኳ ፈቃድ የምጠይቅ ሴት ነበርኩ። በኢፓቶቭ ተናድጄ ነበር፤ ከእሱ ይልቅ የጠላሁት ግን የገዛ እጄን ነው።

ከዚያ ወዲህ ከኒኮን ሳቬልዬቪች አዲስ ዘፈን የሚቀበል ጠፋ። «በዕቅዱ ውስጥ ቦታ የለም» ይሏቸዋል። እሳቸው ግን በራቸውን ከፍተው መጫወታቸውን አልተዉም። ስቴሻም ታንጎራጉራለች። ዘፈኑ ከማድ ቤት አያልፍም። ዘጠኝ ዓመት!

በ1983 ጸደይ የወንዙ በረዶ ቀልጦ መርከቦች ሥራ ሲጀምሩ በመርከበኞች የባህል አዳራሽ ኮንሰርት ተደረገ። ኒኮን ሳቬልዬቪች ታመው ነበር፤ አዳራሹ እየሞቀ ካፖርታቸውን አላወለቁም። ሰባተኛው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አስተዋዋቂዋ ልጅ ወጣችና፣ «አሁን ደግሞ ጥንታዊውን የቮልጋ የሕዝብ ዘፈን፣ ‹የኡቬክ ጀልባን›!» አለች።

ጥንታዊ! የደረሰው ሰው ከምላሱ ሥር የልብ መድኃኒት ይዞ እዚያው ተቀምጦ!

ተነሣሁ።

«ውሸት ነው!»

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ፣ ከለሉን!» አለ ከኋላዬ የመርከበኛ ኮፍያ ያደረገ ሰው።

«አልቀመጥም! ዜማው የዛቭያሎቭ ነው፣ ግጥሙ የብሩክ! ስማቸውን የፋቅሁት እኔ ነኝ!»

ኒኮን ሳቬልዬቪች እጅጌዬን ሳቡኝ። «ግላሻ፣ ተይ። ይዝፈኑት።»

«እርስዎ ዝም ይበሉ!» አልኳቸው። በሠላሳ ዓመት ክፉ ቃል ተናግሬያቸው አላውቅም።

ልጅቷ ደንግጣ ወደ መጋረጃው ዞረች። ኢፓቶቭ ከዚያ ሆኖ «ቀጥዪ» በሚል ራሱን ነቀነቀላት። እሷም «የሕዝብ ዘፈን» ብላ ደገመች፤ ሙዚቃውም ጀመረ። አዳራሹ ሁሉ አብሮ ዘፈነ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እሳቸውም ዘፈኑ። እኔ ግን እንደቆምኩ፣ አዝማቹ ባለቀ ቁጥር ሁለቱን ስም ጮኼ እጠራለሁ። አስተናጋጆች ሊያስወጡኝ በረድፉ መካከል ሲመጡ ባለኮፍያው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ፕሮግራሙን ገልብጦ እርሳስ ይዟል።

«ማንና ማን አሉኝ፣ እትዬ? ቶሎ ይበሉ፣ መጡልዎት።»

«ብሩክን አስቀድም» አልኩት።